ቡገንቪሊያ እንዲያብብ ከፈለጋችሁ አታንቀባርሩት

የመጀመሪያውን ቡገንቪሊያዬን ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ውሃ አጠጣሁት። በባልዲ። ፍግ አለበስኩት፣ ዩሪያም ጨመርኩለት። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተንዠረገገ። አበባ ግን የለም። ከአጥር ማዶ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሌላ ቡገንቪሊያ ነበር፤ ከግንባታ የተረፈ ፍርስራሽ ላይ የበቀለ። እሱ ከጥቅምት ጀምሮ አጥሩን ሐምራዊ አልብሶት ይከርማል።

አንድ ጠዋት የዚያ ግቢ ዘበኛ ባልዲዬን አይተው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ይጠማ እንጂ! ጠግቦ ምን ብሎ ያብባል?» አሉኝ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከመስቀል በኋላ ባልዲውን ሰቀልኩት። ኅዳር አጋማሽ ላይ የቅርንጫፎቹ ጫፍ መቅላት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተክያለሁ፣ ብዙም ገድያለሁ። ከገደልኳቸው ውስጥ በውሃ ጥም የሞተ አንድም የለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የዘበኛውን ምክር ነው የሚያብራራው።

አበባው የትኛው ነው?

አንድ ቅርንጫፍ ቀጥፋችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሐምራዊው፣ ብርቱካናማው ወይም ነጩ ወረቀት የመሰለው ነገር አበባ አይደለም፤ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። ሦስት ሆነው ይቆማሉ። በመካከላቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ሲፈኩ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ነጭ ኮከብ ይዘረጋል። አበባው እሱ ነው። እያንዳንዱ ቱቦ ከአንዱ ባለቀለም ቅጠል መሐል ጅማት ላይ ተጣብቋል። ትንሿ አበባ ቶሎ ትደርቃለች፤ ባለቀለሙ ቅጠል ግን ሳምንታት ይቆያል። ቡገንቪሊያ «ረጅም ጊዜ ያብባል» የሚባለውም ለዚህ ነው።

አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ብራዚል፣ ቦሊቪያ፣ ፔሩ። የአውሮፓ ሳይንቲስቶች ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1767 ሪዮ ዴ ጄኔሮ አጠገብ ነው። ፊሊቤር ኮሜርሶን የሚባል ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ መዝግቦ በመርከብ ጉዞው አዛዥ በሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል ስም ጠራው። ከኮሜርሶን ጋር ረዳቱ ዣን ባሬ ነበረች። ሴት በፈረንሳይ ባሕር ኃይል መርከብ መሄድ ስለማይፈቀድላት ወንድ መስላ ነበር የተሳፈረችው። ኮሜርሶን በዚያን ጊዜ እግሩን ያመው ስለነበር ተክሉን ያገኘችው እሷ ናት የሚሉ አሉ። ስሙ ግን ለአዛዡ ሆነ። እኛ አገር ደግሞ ቡጋንቪላም፣ ቦጋንቪሊያም፣ እንደ አፋችን እንጠራዋለን።

የት ትተክሉታላችሁ?

ቦታው ከተበላሸ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ከዛፍ ሥር ወይም በረንዳ ውስጥ ይኖራል እንጂ አያብብም።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት አንድ ነገር አለ። ቦታ የምንመርጠው ችግኝ በምንተክልበት በሰኔ ነው። በሰኔ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት፤ እንዲያውም ወደ ሰሜን ትንሽ ታዘነብላለች። አበባው በሚጠበቅበት ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ስለዚህ በሰኔ ፀሐይ ሲመታው ያያችሁት ከፎቁ በስተሰሜን ያለ ቦታ በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሊሆን ይችላል። የቤታችሁን ደቡብ ወይም ምዕራብ ግድግዳ ምረጡ። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ላላችሁ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ሌላም ጥቅም አለው። ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድም ይቀልለታል። ውርጭ ለጋውን ጫፍ ያጠቁረዋል። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ከሆናችሁ ስለ ብርዱ አታስቡ።

እሾህ እንዳለው አትርሱ። ከእግረኛ መንገድ፣ ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት፣ መኪና ከሚገባበት በር ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ። የሽቦ አጥር ላይ ከሆነም አጥሩ ጠንካራ ይሁን። ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ ዝናብ ሲጨመርበት የላላ አጥር ያጋድማል።

ችግኝ መግዛት ወይስ ከጎረቤት መቁረጥ?

ለቸኮለ መግዛት ይሻላል። ከገዛችሁ ቀለም ይዞ ሳለ ግዙ። «ብርቱካናማ ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁ ቅጠል ብቻ ያለው ችግኝ ከስምንት ወር በኋላ ሐምራዊ ቢሆን ማንን ትከሳላችሁ? እኔ ላይ ደርሷል። ለደጋ ደግሞ ያ ሁላችንም የምናውቀው ሐምራዊው ጠንካራ ነው። ነጩ፣ ቢጫውና ብርቱካናማው ያምራሉ፤ ግን ብርድ ላይ ልግመኛ ናቸው።

እኔ የምወደው መቁረጡን ነው። ነጻ ነው፣ ቀለሙም የተረጋገጠ ነው፤ እናትየውን ቆማችሁ እያያችኋት ነው የምትቆርጡት። የምመርጠው ጊዜ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ነው፤ አየሩ ሞቃት ነው፣ ክረምት እስኪገባም ሦስት ወር ይቀራል። በሐምሌ የቆረጥኳቸው አብዛኞቹ በስብሰውብኛል።

አረንጓዴውን ለጋ ቅርንጫፍ ተዉት። ከታች ያለውን ያረጀ ግንድም ተዉት። መሐል ያለውን፣ ቅርፊቱ ቡናማ ወደ ግራጫ የዞረውን፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ፈልጉ። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ቢያንስ አራት አንጓ ይኑረው። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓ ሥር ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ የላይኛውን ቀጥ አድርጉ። ሰያፍ የምናደርገው ለቄንጥ አይደለም። አስር ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ከተቀላቀለ የትኛው ጫፍ ታች እንደነበር በምን ታውቃላችሁ? ተገልብጦ የተተከለ ብዙውን ጊዜ ሥር አያወጣም።

ቅጠሉንና አበባውን በሙሉ አርግፉ። የታችኛውን እሾህም ቁረጡ፤ በኋላ እጃችሁ ያመሰግናችኋል። የግብርና ዕቃ መሸጫ የሥር ማውጫ ዱቄት ካገኛችሁ ጫፉን ነክሩት፤ ይረዳል። ካላገኛችሁም ችግር የለም።

ጥቁር ላስቲክ ወይም ታቹ የተበሳ የቀለም ጣሳ ውሰዱ። ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ ቀይ አፈር ሙሉበት። ፍግ እንዳትጨምሩ፤ ገና ሥር የሌለውን ቁራጭ ያበሰብሰዋል። ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ፣ ሁለት አንጓ ውጭ ይሁን። በጣት ዙሪያውን ጠበቅ አድርጉና አንዴ አርጥቡት። ከዚያ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ታቹን ቆርጣችሁ እንደ ቆብ ድፉበት፤ ክዳኑን አውልቁ። ውስጡ ወበቅ ይላል፣ በአፉ ይተነፍሳል። ጥላ ውስጥ፣ ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። አፈሩ ላይኛው ሲደርቅ ብቻ ትንሽ ውሃ።

አሁን ትዕግሥት ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ከአንጓው ላይ ቅጠል ይወጣል፤ እልል እንዳትሉ። ይኼ ቅጠል እንጨቱ ውስጥ በተጠራቀመ ምግብ ብቻ የወጣ ሊሆን ይችላል። ሥሩ ገና ነው። ብዙ ሰው ቅጠሉን አይቶ «ያዘ!» ይልና ፀሐይ ላይ ያወጣዋል፤ በሳምንቱ ይደርቃል። ሥር ማውጣቱን ለማየት ነቅላችሁ አትመልከቱ፣ አታነቃንቁም። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ጠብቁ፤ ደጋ ላይ ሦስቱ ይቀርባል። ሥሩ በላስቲኩ ቀዳዳ ብቅ ሲል ያኔ ደርሷል። እኔ ከአስር ቁራጭ አራት አምስት ቢተርፉልኝ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ሁለት ከፈለጋችሁ ስድስት ትከሉ።

ጉድጓዱ

አፈራችሁ ቀይና ልል ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። 50 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ። ከተቆፈረው አፈር ሁለት እጅ፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ቀላቅሉ። አለቀ።

ውሃ የሚያቁር ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ከሆናችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። መረሬ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ለስላሳ አፈር ስትሞሉበት የሠራችሁት ገንዳ ነው። የክረምቱ ውሃ ከዙሪያው እየመጣ እዚያ ይተኛል፤ ሥሩ ይታፈናል። ሙከራው ቀላል ነው። ጉድጓዱን ማታ ውሃ ሙሉት። ጠዋት ውሃው እዚያው ካለ ወደ ታች መቆፈሩን አቁሙና ወደ ላይ ሂዱ። በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፣ እሱ ላይ ትከሉ። ለመደቡ ሬዳሽ፣ ማለትም ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቀላሉ ቀይ ጠጠር፣ ከአሸዋ ይሻላል። ርካሽ ነው፣ ውሃም አይዝም።

ተከላው፣ ቀስ ብላችሁ

ቡገንቪሊያ ሲያዩት ጉልበተኛ ይመስላል። እሾህ አለው፣ ግድግዳ ይወጣል። ሥሩ ግን ፀጉር ነው። አፈሩን አራግፎ መትከል፣ ሥሩን መፈልቀቅ፣ ግንዱን ይዞ ከላስቲክ መጎተት የተሳካውን ችግኝ ሬሳ ያደርገዋል። ጽጌረዳ ላይ የለመዳችሁትን እዚህ አትድገሙት።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ችግኙን ውሃ አጠጣዋለሁ፤ አፈሩ እንዲያያዝ። በሚተከልበት ቀን የላስቲኩን ታች ብቻ በምላጭ እቆርጣለሁ። ችግኙን ከነላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አፈሩ ላስቲክ ውስጥ የነበረበት ከፍታ ከመሬቱ ጋር እኩል መሆኑን አያለሁ። ከዚያ ዙሪያውን ግማሽ ድረስ አፈር እሞላለሁ። የላስቲኩን ጎን ከላይ እስከ ታች ቀድጄ በጎን እስበዋለሁ። የቀረውን አፈር እሞላና በእጄ እጫነዋለሁ። በእግር አልረግጥም። አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ ብሎ፣ በቃ።

ከተከላችሁ በኋላ ቅጠሉ ለሳምንት ጠውለግ ካለ አትደንግጡ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ መትከል ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ያጠጣላችኋል። በበጋ ከተከላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በየሦስት ቀኑ፣ ከዚያ እስከ ክረምት በሳምንት አንዴ አጠጡ።

ውሃው፣ ዋናው ነገር

ሥር ከያዘ በኋላ ደንቡ አንድ ነው፦ ሲጠጣ እስኪጠግብ፣ ከዚያ እስኪደርቅ። በየቀኑ አንድ ጆግ ማፍሰስ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ላዩን ያረጥባል፣ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፣ ቅጠሉን ያበዛዋል።

ይህ ተክል በተፈጥሮው ዝናብ ሲቆምና አፈር ሲደርቅ ነው ወደ አበባ የሚዞረው። ውሃ እስካለ ድረስ ቅርንጫፍ ያረዝማል። ለዚህ ነው በነሐሴ አረንጓዴ፣ በኅዳር ቀይ የሚሆነው። እናንተ በጥቅምት ባልዲ ይዛችሁ ብቅ ካላችሁ ክረምቱን ታራዝሙበታላችሁ።

መሬት ላይ ለተተከለና ሁለት ዓመት ላለፈው፣ ደጋና ወይና ደጋ ከሆነ በበጋ በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ አንድ ሁለት ባልዲ ይበቃዋል። የመሬት ውስጥ እርጥበት ባለበት ደግሞ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ድሬዳዋና አዋሽ አካባቢ በሳምንት አንዴ አድርጉት። ዕቃ ውስጥ ላለው ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ተመለሱ። አበባ እምቢ ካለ፣ ለጋው ጫፍ ጎንበስ እስኪል ጠብቃችሁ ከዚያ አጠጡት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲጠማ ብዙውን ጊዜ ቀለም ያወጣል። ጎንበስ እስኪል አልኩ እንጂ እስኪረግፍ አላልኩም።

ማዳበሪያ

ዩሪያ አይሆንም። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ቅጠል ነው። የእኔ «ጎመን» ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።

መሬት ላይ ላለው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ፣ ሁለት አካፋ የበሰለ ኮምፖስት ከግንዱ ራቅ አድርጎ መበተን ይበቃል። አመድ የሚጨምሩም አሉ። ፖታሽየም አለው፣ ለአበባ አይከፋም፤ ነገር ግን ቡገንቪሊያ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የሚወደው፣ አመድ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። እፍኝ እንጂ ምድጃውን ሙሉ አትገልብጡበት።

መከርከም

አበባ የሚመጣው አዲስ በወጣ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ያልተከረከመ ቡገንቪሊያ አበባው ሁሉ ጣሪያ ላይ ይወጣና ለእናንተ ባዶ እግሩን ይተውላችኋል። ጎረቤት ያይላችኋል።

ትልቁን ክርከማ ጳጉሜን ወይም መስከረም መጀመሪያ ላይ አድርጉ። ዝናቡ እየቀነሰ ነው፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው፤ የተቆረጠው ቶሎ ያቆጠቁጣል። አዲሱ ቅርንጫፍ የበጋውን ፀሐይና ድርቅ ያገኝና በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ያብባል። ከእያንዳንዱ ረጅም ቅርንጫፍ ሲሶውን ቁረጡ። ከሥር ቀጥ ብሎ የሚምዘገዘግ ወፍራም ቅርንጫፍ ካለ ቅርጽ ካልፈለጋችሁበት ከመነሻው አንሱት። በበጋ መሐል አንድ ዙር አበባ ረግፎ ሲያልቅ ጫፍ ጫፉን ብቻ ቀንጥቡ፤ ሌላ ዙር ይሰጣችኋል።

የቆዳ ጓንት አድርጉ፤ የሹራቡ አይሆንም። ረጅም እጅጌ ልበሱ። ፈሳሹ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ያሳክካል። የተቆረጠውን ሁሉ እዚያው ቆጥራችሁ ሰብስቡ። የደረቀ የቡገንቪሊያ እሾህ ስሊፐር በስቶ እግር ይገባል። ጎማም ይበሳል። ይህን የማውቀው በልምድ ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ሁለቱንም አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡገንቪሊያ እንደ ወይን የሚጠመጠም ክር የለውም፣ ግድግዳም አይዝም። በእሾሁ ተንጠልጥሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እናንተ እሰሩት። በሽቦ አትሰሩ፤ ሲወፍር ሽቦው አንገቱን ያንቀዋል። ያረጀ ቲሸርት ቀዳችሁ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ።

ሲያምመው

ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ቢጫ ሆኖ ከረገፈና አፈሩ እርጥብ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አንሶታል፤ ብዙ ጊዜ ኖራ ወይም ሲሚንቶ ፍርፋሪ ባለበት አፈር ላይ ይታያል። ቅጠሉ ጥግ ጥጉን ተበልቶ ካደረ ማታ በባትሪ ፈልጉ። ትንሽ አረንጓዴ ትል ታገኛላችሁ፤ ቀን ቅርንጫፍ መስላ ትደበቃለች። በእጅ መልቀም ይበቃል። ክሽክሽ ወይም ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ ካለ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ማታ እርጩት፣ ጠዋት በውሃ እጠቡት። በሳምንቱ ድገሙ።

ጤነኛ ሆኖ ካላበበ ደግሞ በሽታ አትፈልጉ። ፀሐዩን ቁጠሩ። ባልዲውን ደብቁ።

ዕቃ ውስጥ፣ ውጭ አገር ላላችሁም

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ይሆናል፣ ፀሐይ ካለ። ዕቃው ትልቅ አይሁን። ሥሩ ሲጠብበት ነው ይበልጥ የሚያብበው። ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ዕቃ ለሁለት ለሦስት ዓመት ይበቃል፤ ታቹ መበሳቱን ግን አረጋግጡ። ከሥሩ ሰሃን ካስቀመጣችሁ የተጠራቀመውን ውሃ ድፉ።

ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ውጭ መትከል ትችላላችሁ፤ በየመንገዱ የምታዩት እሱ ነው። ዕቃ ውስጥ ከሆነ ግን በባሕረ ሰላጤው የሙቀት ወራት በየቀኑ ሊጠማ ይችላል። እዚያ የእኔን የጥማት ምክር አትስሙ። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላላችሁ ደግሞ በዕቃ ብቻ። የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ ሲጀምር ወደ ቤት አስገቡትና ፀሐያማ መስኮት ሥር አስቀምጡት። ቅጠሉን ሊያረግፍ ይችላል። የሞተ መስሏችሁ አትጣሉት። ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉ፤ ከቅርፊቱ በታች ያለው አረንጓዴ ከሆነ ተኝቷል። በወር አንዴ ሁለቴ ትንሽ ውሃ ስጡት፣ ማዳበሪያ አትስጡት። ውርጩ ሲያልፍ ሲሶውን ቆርጣችሁ አውጡት። መጀመሪያ ሳምንቱን ጥላ ውስጥ ይቆይ፤ ከቤት ወጥቶ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቅጠሉ ይቃጠላል።